ማታ ረግቶ ጠዋት የፈሰሰው የሙዝ ፑዲንግ

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ የጎረቤታችን ወንድም ዐረፈ። ጎረቤታችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እኔ በአሜሪካ ደቡብ ወግ ‹ሚስ› ብዬ ስማቸውን እጠራለሁ፤ ልጄ አፉን ከፈታ ጀምሮ የሚላቸው እማማ ነው። ከአትላንታ ወጣ ብላ በምትገኘው ክላርክስተን ቤት በተከራየን በሦስተኛው ቀን በራችንን አንኳኩተው በመስታወት ሳህን የሰጡን የሙዝ ፑዲንግ ነበር። ከላይ በእሳት ቡናማ የሆነ የእንቁላል አረፋ፣ ከሥሩ በማንኪያ ሲቆረጥ ብስኩቱ፣ ሙዙና ቢጫው ክሬም በየደረጃቸው ተደርድረው የሚታዩበት። በዚያ ሳምንት በአገሩ የሚያውቀን ሰው አልነበረም፤ ሳህኑን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያኖች ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ አብሮ ይበላል። ሪፓስት ይሉታል። ምግቡን የሚያመጡት ዘመድ፣ ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ናቸው፤ እኛ እንጀራና ሽሮ ይዘን ለቅሶ ቤት እንደምንገባው ማለት ነው። ምን ይዤ እንደምሄድ ለመወሰን ጊዜ አልፈጀብኝም። ቀብሩ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር፤ እኔ ዓርብ ማታ ድስት ጣድኩ።

የዓርቡ ሥራ

ለትልቁ መጋገሪያ ሳህን፣ 23 በ33 ሳንቲ ሜትር ለሆነው፣ የያዝኩት ይህን ነበር፦ 1 ሊትር ቅባቱ ያልወጣ ወተት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም ኮርን ስታርች፣ የ6 እንቁላል አስኳል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 40 ግራም የገበታ ቅቤ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቫኒላ፣ 6 ሙዝ እና 312 ግራም የሚመዝን አንድ ካርቶን ኒላ ዌፈርስ የሚባል የቫኒላ ብስኩት። መጠኑ ላይ ስሕተት የለበትም። በኋላ የተሳካልኝም በዚሁ መጠን ስለሆነ አንባቢ እንዲይዘው በዝርዝር ጻፍኩት።

ስኳሩን፣ ስታርቹንና ጨውን በደረቁ ቀላቀልኩ፤ አስኳሉንና ቀዝቃዛውን ወተት ጨምሬ እስኪዋሐድ መታሁት፤ ከዚያ መካከለኛ እሳት ላይ አድርጌ ማማሰል ጀመርኩ። ዓርብ ስለሆነ ወተትና እንቁላል እኔ አልቀምስም። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ ገና ጾም አልጀመረም፤ ስለዚህ ቀማሹ እሱ ነበር። በእንጨት ማንኪያው ሁለት ጊዜ አቀመስኩት፣ ማንኪያውንም ሁለቱንም ጊዜ ወደ ድስቱ መለስኩት። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን ፈሳሹ ወፈረ። የማንኪያውን ጀርባ ሸፈነ፤ በጣቴ ሳሰምርበት መስመሩ ሳይገጥም ቆየ። እንቁላሉ እንዳይቋጠር ፈርቼ እዚያው ላይ አወረድኩት፣ ቅቤውንና ቫኒላውን ጨመርኩ።

ብስኩት አነጠፍኩ፣ የተቆረጠ ሙዝ ደረደርኩበት፣ ክሬሙን አፈሰስኩበት፤ ሦስት ዙር። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ሳህኑን ዘንበል ሳደርገው ንቅንቅ አላለም። ሸፍኜ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁትና ተኛሁ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ስከፍተው ብስኩቶቹ በቢጫ ወተት ላይ ተንሳፍፈው ነበር። ማንኪያ ብሰድበት ሾርባ ነው። አንድም ነገር አልጨመርኩበትም፣ ማንም አልነካውም፣ ፍሪጁም በደንብ ይሠራል። የረጋ ነገር ሌሊቱን በብርድ ቤት አድሮ ይጠነክራል እንጂ እንዴት ይቀጥናል?

ጥፋተኛውን ወዲያው አገኘሁት ብዬ አሰብኩ። እናቴ አጥሚት ስትሠራ በማማሰያው ቀምሳ አታውቅም፤ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ነበር የምትቀምሰው። ምራቅ የነካው ማንኪያ ከተመለሰበት አጥሚቱ ይቀጥናል ትል ነበር። እኔ ይህን እያወቅሁ ማንኪያውን በገዛ እጄ መለስኩት፤ ጠዋት ላይ ግን የተቆጣሁት ልጄን ነው። ‹‹አንተ እየላስከው ነው የተበላሸው›› አልኩት። ለቅሶ ለመሄድ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ቆሞ ነበር። ምንም አልመለሰልኝም።

በሌላ ነገር ለመተካት ጊዜ ስላልነበረ ሳህኑን እንዳለ ይዤው ሄድኩ። በአዳራሹ ውስጥ በረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሌሎች ሦስት የሙዝ ፑዲንጎች ነበሩ። ሳህኖቹ እንዳይጠፋፉ በየሥራቸው የባለቤቷ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፤ የእኔም ላይ ለጠፍኩ። ሦስቱም ፑዲንግ ቆመው ይቆረጡ ነበር። የእኔን አንዲት አዛውንት በኩባያ ቀድተው ጠጡልኝና ጣዕሙን አመሰገኑ። ጎረቤታችን ሐዘን ላይ ስለነበሩ ምንም አልጠየቅኋቸውም። ሳህኑ ግማሹን እንኳ ሳይጎድል ይዤው ተመለስኩ።

ስለ ምግቡ ጥቂት

እነዚያ ሦስት ፑዲንጎች አንዱ ካንዱ ይለያዩ ነበር። አንደኛው እንደ ጎረቤታችን በኦቨን የተጠበሰ የእንቁላል አረፋ ለብሷል፤ ሁለተኛው የተመታ ክሬም፤ ሦስተኛው እሳት ሳይነካው በቀዝቃዛ ወተት ከሚበጠበጥ የካርቶን ዱቄት የተሠራ ነው። በደቡቡ ክፍል የትኛው እውነተኛው ነው የሚለው ክርክር በየቤተሰቡ አለ። እኔ በእሳት ከሚበስለው ጋር ነኝ፤ የካርቶኑ አፍ ላይ ቫኒላ ቫኒላ ይላል እንጂ የወተትና የእንቁላል ጣዕም የለውም።

የምግቡ ታሪክ ከሳህኑ ጋር የሚሄድ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የእንፋሎት መርከቦች ከመካከለኛው አሜሪካ ሙዝ እያመጡ እንደ ኒው ኦርሊንስ ባሉ የደቡብ ወደቦች ያራግፉ ነበር፤ ከዚያ በባቡር ወደ ሰሜን ይጫናል። በኬንተኪና በቴነሲ ወሰን ላይ ያለችው ፉልተን ሙዝ የጫኑ ፉርጎዎች ቆመው በረዶ የሚጨመርባቸው ከተማ ነበረች። በዚህ ሥራ ከመታወቋ የተነሣ በ1960ዎቹ በጀመረችው የሙዝ በዓሏ አንድ ቶን የሚመዝን የሙዝ ፑዲንግ ይቀርብ ነበር። የፑዲንጉ አሠራር ግን በጽሑፍ ቀድሞ የወጣው በደቡብ አይደለም፤ በ1888 ማሳቹሴትስ ውስጥ ይታተም የነበረ የቤት እመቤቶች መጽሔት ሲያወጣው የሚነጠፈው ስፖንጅ ኬክ ነበር። በቫኒላ ብስኩት መተካቱ በ1920ዎቹ መጣ፤ በ1940ዎቹ የብስኩቱ አምራች ናቢስኮ አሠራሩን በካርቶኑ ላይ አተመው። ከዚያ ወዲህ ብስኩቱና ፑዲንጉ ተለያይተው አያውቁም። የደቡብ ምግብ ያደረገው የት እንደተጻፈ ሳይሆን የት እንደሚበላ ይመስለኛል፤ ባንድ ሳህን ሃያ ሰው ያደርሳል፣ ከዋዜማው ተሠርቶ ያድራል፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለዘመድ ጉባኤና ለለቅሶ ይመቻል።

የድሮዎቹ አሠራሮች አብዛኞቹ ክሬሙን ‹እስኪወፍር አማስይ› ይላሉ። የእኔ ዓርብ ማታ ክሬም ወፍሮ ነበር። ያጠፋሁት የተባልኩትን ሳላደርግ ቀርቼ አይደለም፤ ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

አራት ብርጭቆ

ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ የልጄ ማንኪያ ነው። ሁለተኛው እኔ ከእሳት ያወረድኩበት ሰዓት። ሁለቱም በአንድ ድስት ውስጥ ስለተገናኙ ካልተለያዩ አይታወቁም። ጾመ ነቢያት ሳይገባ ልጨርሰው ብዬ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከ1 ሊትር ወተት ያንኑ ድብልቅ ሠርቼ በአራት እኩል ከፈልኩት። እያንዳንዱን ለብቻው በትንሽ ድስት፣ በቴርሞሜትር እየለካሁ አበሰልኩት።

የመጀመሪያውን ልክ እንደዚያ ዓርብ ማንኪያውን ሲሸፍን አወረድኩት፤ ቴርሞሜትሩ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይል ነበር። ማንኪያው ንጹሕ ነው፣ ማንም አልቀመሰበትም። ሁለተኛውን በንጹሕ ማንኪያ መንተክተክ እስኪጀምር ጠበቅሁት፣ ከተንተከተከ በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳላቋርጥ አማሰልኩት። ሦስተኛው ላይ ልጄ ገና ሳይሞቅ የላሰውን ማንኪያ መለስኩበት፤ ከዚያ እንደ ሁለተኛው ሁለት ደቂቃ አንተከተክሁት። አራተኛውን በደንብ አንተክትኬ ካቀዘቀዝኩ በኋላ የተላሰ ማንኪያ አዞርኩበት። አራቱን በአራት ብርጭቆ ቀድቼ ቁጥር ለጥፌባቸው ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኳቸው።

ጠዋት ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። አንደኛው ፈሰሰ፤ የዚያ ቅዳሜው ሾርባ ራሱ ነው። ሁለተኛው ከብርጭቆው አልወጣ ብሎ በማንኪያ ተቆርሶ ወጣ። ሦስተኛውም እንደ ሁለተኛው ረግቷል። አራተኛው ዙሪያው ቀጥኖ ማንኪያው ባለፈበት ሁሉ ውሃ ቋጥሯል።

ሦስተኛውን ብርጭቆ ይዤ ብዙ ቆምኩ። ልጄ የላሰበት ነው፤ ረግቷል። አንደኛውን ማንም አልላሰበትም፤ ፈሷል።

ምክንያቱን ለመረዳት ጠላ የጠመቀ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ብቅል ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የእህሉን ስታርች እየቆራረጠ ወደ ስኳር የሚለውጠው እሱ ነው። ወፍራም ገንፎ ላይ ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨመር የሚቀጥነውም ለዚሁ ነው። ይኸው ኢንዛይም በምራቃችን ውስጥ አለ፤ የእናቴ ሕግ ትክክል ነበር። እኔ ያላወቅሁት በእንቁላል አስኳልም ውስጥ መኖሩን ነው። የአስኳሉ አሚሌዝ ደግሞ ሙቀት ይችላል። ድስቱ 85 ዲግሪ ሲደርስ ስታርቹ አብጦ ፈሳሹን ያወፍረዋል፣ ሠሪዋም ደረሰ ትላለች፤ ኢንዛይሙ ግን ገና አልሞተም። ፍሪጅ ውስጥ ሌሊቱን ቀስ እያለ ስታርቹን ይቆራርጣል። ማታ የረጋው ጠዋት የሚፈሰው በዚህ ነው። የሚገድለው መንተክተክ ነው፤ መንተክተኩ የምራቁንም አብሮ ስለሚገድል ሦስተኛው ብርጭቆ ተረፈ። አራተኛውን ያጠፋው ከእሳት በኋላ የገባው ማንኪያ ነው።

እኔን ያሳተኝ ፍርሃቴ ነበር። እንቁላል ያለበት ወተት አይፈላም፣ ይቋጠራል ተብሎ ነው ያደግነው፤ ስታርች ለሌለበት ክሬም እውነት ነው። ስታርች ሲኖርበት ግን እንቁላሉ እንዳይቋጠር ይከላከልለታል። ሁለቱን ደቂቃ ከሥሩ እየጠረግሁ አማሰልኩት፣ አንድም ቋጠሮ አላገኘሁበትም። ደግሞ መንተክተክና ዳር ዳሩ ላይ አረፋ ማሳየት አንድ አይደሉም። ወፍራም ነገር ሲንተከተክ እንደ ሽሮ መሀሉ ላይ ቡልቅ እያለ ይፈነዳል፤ ሁለቱ ደቂቃ የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ልብ ቢል እወዳለሁ፤ በከተማው ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እኔ እዚያ ብሠራ አንድ ደቂቃ እጨምርበት ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ልጄን ወንበር ላይ አቁሜ አራቱን ብርጭቆዎች አሳየሁት። የትኛው የሱ ማንኪያ የገባበት እንደሆነ ነገርኩትና ‹‹ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ቶሎ አወረድኩት፣ አንተን መቆጣት አልነበረብኝም›› አልኩት። ሦስተኛውን ብርጭቆ መብላት ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። በላው።

ሙሉው ሳህን

በሳምንቱ ሙሉውን መጠን እንደገና ሠራሁ። ክሬሙ ከተስተካከለ በኋላ የቀሩት ነገሮች ላይ የተማርኩት ይህን ያህል ነው።

ሙዙ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ጫፉ አረንጓዴ የሆነው ይኮመጥጣል፣ ክሬሙ ውስጥም ደርቆ ይቀራል፤ የጠቆረው ደግሞ አድሮ ይሟሟል። ቢጫ ሆኖ ጥቂት ቡናማ ነጥብ የጣለው ነው ልኩ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጌ እቆርጠዋለሁ። እንዳይጠቁር ሎሚ የሚያሹበት አሉ። እኔ አላደርገውም፤ ኮምጣጣው ከቫኒላው ጋር አይስማማም። ሙዝ የሚጠቁረው አየር ሲያገኘው ስለሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ በክሬም ከተሸፈነ ይበቃዋል። ከላይ የሚታይ ሙዝ ያማረው ካለ ሊያቀርብ ሲል ይደርድር።

ክሬሙን ትኩስ እንዳለ ነው የማፈሰው። የቀዘቀዘ ክሬም በብስኩቶቹ መካከል አይወርድም፣ ብስኩቱም ዳር ላይ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ትኩሱ ግን እስከ ሥር ይገባል፣ ብስኩቱም ሌሊቱን ጠጥቶ እንደ ኬክ ይለሰልሳል። ቢያንስ አራት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ያደረው ይበልጣል፤ በሦስተኛው ቀን ሙዙ ውሃ መልቀቅ ስለሚጀምር እስከዚያ ባይቆይ ጥሩ ነው። እንቁላልና ወተት ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አላቆየውም።

ከላዩ ላይ የጎረቤታችንን መንገድ መረጥኩ፤ ስድስቱ የእንቁላል ነጭ ተርፎ ተቀምጦ ሌላ ነገር ማሰብ አይገባም ነበር። ነጩን አረፋው እንዲጸና በሚረዳ ኮምጣጣ ዱቄት፣ በሩብ የሻይ ማንኪያ ክሪም ኦፍ ታርታር፣ መታሁት፤ አረፋው መቆም ሲጀምር 100 ግራም ስኳር በማንኪያ በማንኪያ ጨመርኩበት፤ ሲያብረቀርቅና ጫፉ ሲቆም አቆምኩ። አረፋው የሚቀባው ክሬሙ ትኩስ ሳለ ነው። በቀዘቀዘ ክሬም ላይ ከተቀባ ኦቨኑ ላዩን ያበስለዋል፣ ሥሩ ግን ጥሬ ይሆንና በኋላ ውሃ ያለቅሳል። ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር ዙሪያውን ማጣበቅም ያስፈልጋል፤ ካልተጣበቀ ሲቀዘቅዝ ተሸብሽቦ ወደ መሀል ይሰበሰባል። በ175 ዲግሪ 16 ደቂቃ ቆየ። የቤቱ ሽታ ያንን የመጀመሪያውን ሳምንት መልሶ አመጣብኝ።

ክሬሙ እሳት ላይ ሳለ ሰዓቱን የያዘው ልጄ ነበር። መሀሉ ቡልቅ ሲል ‹‹ጀመረ›› ብሎ ጮኸና የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ነካ።

እሑድ ከሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን መልስ ሳህኑን ይዘን ወደ ጎረቤታችን ቤት ተሻገርን። ወንድማቸው ካረፉ አምስተኛ ሳምንታቸው ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ ከሳቸው በቀር ሰው አልነበረም። ከማእድ ቤት ሦስት ሳህን አመጡ። ከመሀል ሳይሆን ከጥጉ ጀመሩ፤ ማንኪያውን እስከ ሥር ሰድደው ቀስ ብለው አወጡት። የወጣበት ጉድጓድ አልሞላም፤ ብስኩቱ፣ ሙዙ፣ ቢጫው ክሬም፣ ሦስቱም ዙር በመስታወቱ ጥግ ቆመው ይታዩ ነበር። እማማ ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

‹‹ልጄ፣ ስንት ደቂቃ አፈላሽው?››

‹‹ሁለት›› አለ ልጄ ከኔ ቀድሞ።